ቶኪዮ ላይ የሚሸጥ፣ ሲንጋፖር ላይ የሚያስቀጣ

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ለሥራ ቶኪዮ ሊሄድ ነው፤ ሲመለስ ሲንጋፖር ሁለት ቀን ያድራል። «ስማ፣ ያቺ የማትነደው ሲጋራ እዚያ እንደ ልብ ትገኛለች አሉ። ዕቃዋን ከነማጨሻዋ ገዝቼ ብመጣ ችግር አለው እንዴ?» አለኝ። ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ የሚያስብ ወዳጅና ዘመድ መቼም አላጣም። «ቆይ ላጣራና ልደውልልህ» አልኩት።

ማጣራት የጀመርኩት ስለ ጉምሩክ ነበር። የጨረስኩት ግን መንግሥታትና የትምባሆ ገንዘብ ስላላቸው የቆየ ቁርኝት በማንበብ ነው። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? በባትሪ የሚሠራ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ማሞቂያ ነው። ከሲጋራ አጠር ያለች የትምባሆ ዘንግ ይሰካበታል። ትምባሆውን አያነደውም፣ ያሞቀዋል። ተራ ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለው ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አይኮስ የሚባለው ታዋቂው ዓይነት ግን ከ350 ዲግሪ እንዳያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። አመድ የለውም፣ ሽታውም ይቀንሳል። ኒኮቲኑ ግን አለ፤ ሱሱም አለ። ከቬፕ የሚለየው፣ ቬፕ ፈሳሽ ሲያተን ይኼኛው እውነተኛ የትምባሆ ቅጠል መጠቀሙ ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ብዙ ሰው ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ ይመስለዋል። አይደለም። አር.ጄ. ሬይኖልድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1988 «ፕሪሚየር» ብሎ የሰየመውን፣ ጫፉ ላይ ባለ ትንሽ ከሰል ትምባሆን የሚያሞቅ ሲጋራ በሴንት ሉዊስ፣ በፊኒክስና በቱሳን ከተሞች ለሙከራ አቀረበ። ለዚህ ምርት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣበት ይነገራል። ገዢዎች ግን ጣዕሙንም ሽታውንም ጠሉት፤ ለመሳብም አስቸገራቸው። ዓመት ሳይሞላው በ1989 ከገበያ ወጣ። ፊሊፕ ሞሪስም በ1998 «አኮርድ» የተባለ በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ ሞከረ። እሱም አልተሳካለትም።

ኩባንያዎቹ ለምን አልተዉትም? መልሱ ቀላል ነው። የሲጋራን ገዳይነት ለመካድ የሚቻልበት ዘመን አልፎ ነበር። በሀብታም አገሮች የአጫሾች ቁጥር እየቀነሰ፣ ማጨስ የተከለከለበት ቦታ ደግሞ እየሰፋ ሄደ። አውሮፕላንን ብቻ ብንወስድ፣ አሜሪካ በ1988 ከሁለት ሰዓት በታች በሆኑ የአገር ውስጥ በረራዎች ላይ ማጨስን ከለከለች፤ በ1990 ክልከላው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ላሉት ደረሰ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1992 አባል አገሮች ዓለም አቀፍ በረራዎችን እስከ 1996 ከጭስ ነፃ እንዲያደርጉ ጠየቀ። ጭስ ከየቦታው ሲባረር፣ ኩባንያዎቹ የማይጨስ ትምባሆ ማግኘት ነበረባቸው። ጉዳዩ የገበያ ህልውና ነበር።

በመጨረሻ ግን ተሳካ። ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 አይኮስን በሁለት ከተሞች ሞከረው፤ በጃፓን ናጎያና በጣሊያን ሚላኖ። ጃፓን ላይ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ከሚሸጠው ትምባሆ ከሩብ በላዩ የሚሞቅ ሆነ። የብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ «ግሎ» እና የጃፓን ቶባኮ «ፕሉም»ም ገበያውን ይሻማሉ።

ለምን ጃፓን? አሁን ያቺ «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ልዩነት ትመጣለች። በጃፓን ኒኮቲን ያለው የቬፕ ፈሳሽ በመድኃኒት ሕግ ሥር ስለሚወድቅ እንደ ተራ ሸቀጥ አይሸጥም። የሚሞቀው ቅጠል ግን ትምባሆ ነው። ትምባሆ ደግሞ በጃፓን የሚተዳደረው በ1984 በወጣ የትምባሆ ንግድ ሕግ ነው። የሕጉ ዓላማ የኢንዱስትሪውን ጤናማ ዕድገትና የመንግሥትን ገቢ ማረጋገጥ ሲሆን፣ የሚከታተለውም የጤና ሚኒስቴር ሳይሆን የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ልብ በሉ፣ «ጤናማ» የተባለው ዕድገቱ ነው።

ይህ ከየት መጣ? ጃፓን ትምባሆን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ያስገባችው በ1904፣ ከሩሲያ ጋር ጦርነት ላይ በነበረችበት ዓመት ነው። ለጦርነት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ሞኖፖሉ በ1985 ጃፓን ቶባኮ የሚባል አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ዛሬም ግን መንግሥት ከአክሲዮኑ ከሲሶው በላይ እንዲይዝ ሕግ ያስገድዳል። ለቀረጥም ለትርፍ ድርሻም የሚጠብቅ መንግሥት፣ ትምባሆን በሩ ላይ አያስቆምም።

በዚህ የተነሳ መንገደኛው ጃፓን ሲገባ አሥር ፓኮ የሚሞቅ ትምባሆ ያለ ቀረጥ ይፈቀድለታል። ከ2020 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ደግሞ ምግብ ቤቶች ለሚሞቅ ትምባሆ ብቻ የተለየ ክፍል ማዘጋጀት ይችላሉ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እየበሉና እየጠጡ መሳብ ይቻላል። ለተራ ሲጋራ በሚዘጋጀው አዲስ የማጨሻ ክፍል ግን መብላትም መጠጣትም የለም።

አሁን ከቶኪዮ ተነስተን ሰባት ሰዓት ያህል እንብረር። ሲንጋፖር።

ሲንጋፖር በ1970 በአውቶቡስና በሲኒማ ቤት ማጨስን የከለከለች፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የትምባሆ ማስታወቂያን ያገደች አገር ናት። ያኔ ነፃነቷ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ለመንገደኛ ከቀረጥ ነፃ የሲጋራ መብት የሚባል ነገር የላትም፤ አንዲት ፓኮም ብትሆን ቀረጥ ትከፈልባታለች። በየካቲት 2018 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ደግሞ ቬፕና መሰል አስመሳይ የትምባሆ ዕቃዎችን መሸጥ ብቻ ሳይሆን መግዛት፣ መጠቀምና ይዞ መገኘት እስከ 2,000 የሲንጋፖር ዶላር የሚያስቀጣ ሆነ። የሚሞቀው ትምባሆም የተከለከለ ነው። «ለራሴ ነው፣ አልሸጥኩም» አያድንም። «ቶኪዮ ኤርፖርት ላይ በደረሰኝ ነው የገዛሁት»ም አያድንም።

ሆንግ ኮንግስ? ከሚያዝያ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ቬፕንም የሚሞቅ ትምባሆንም ማስገባት ወንጀል ነው፤ መንገደኛው በሻንጣው ቢይዘውም ያው ነው። ሆንግ ኮንግ ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1987 የሚታኘክና በአፍ የሚያዝ ትምባሆን ገና ገበያው ሳይለምደው በፊት አግዳ ነበር። የሁለቱም ጊዜ ስሌት አንድ ነው፦ ሕዝቡ ሳይለምደው ከበር መመለስ፣ ከለመደው በኋላ ከማስተው ይቀላል።

እስካሁን ታሪኩ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ የትምባሆ ኩባንያ ያለው መንግሥት ይፈቅዳል፣ የሌለው ይከለክላል። እኔም እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነበር። ታይላንድ ግን ስሌቱን ታበላሸዋለች። ታይላንድ ከ1939 ጀምሮ የራሷ የመንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አላት፤ ሲጋራ የሚያመርተው መንግሥት ነው። ቬፕና መሰሎቹ ወደ አገር እንዳይገቡ ግን በ2014 አግዳለች፤ ባንኮክ ላይ የተያዘ ቱሪስትም ከባድ ቅጣት ሊገጥመው ይችላል። የጤና ባለሥልጣናቱ ወጣቱን ለመጠበቅ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ግን እገዳው የመንግሥትን ሲጋራ ከውጭ ተፎካካሪ መጠበቁም እውነት ነው። ጤናና ገንዘብ አንዳንዴ በአንድ በር ይገባሉ።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2019 አይኮስ እንዲሸጥ ፈቀደ። በ2020 ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ወደዚህ የዞረ አጫሽ ለጎጂ ኬሚካሎች ያለው ተጋላጭነት ይቀንሳል» ተብሎ እንዲተዋወቅ ተስማማ። «የበሽታ አደጋን ይቀንሳል» እንዲባል ግን አልፈቀደም። የሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ልዩነት ሻጭ አይነግራችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ምርቱ ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት ስለማድረሱ በቂ ማስረጃ የለም ባይ ነው። የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አባል አገሮችም በ2018 ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው የሚሞቀው ትምባሆ ትምባሆ መሆኑን፣ በስምምነቱም ሥር መውደቁን አረጋገጡ።

በ2021 መጨረሻ አይኮስ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ። ምክንያቱ ጤና እንዳይመስላችሁ። የፈጠራ መብት ክርክር ነው። ከሳሹ ማን ነበር? ያ በ1988 በፕሪሚየር የከሰረው ሬይኖልድስ!

ወደ ቤታችን እንምጣ። የሱረትና የጋያ አገር ነን፤ ትምባሆ ለኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ማጨስንም ሱረት መሳብንም በጥብቅ ከልክለው፣ በተላላፊው ላይ ብርቱ ቅጣት ይጥሉ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የሳቸው ምክንያት ሃይማኖት እንጂ ጤናም ገንዘብም አልነበረም። ዘመኑ ተለወጠና ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ በ1942፣ ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ኒያላ።

በ2016 መንግሥት ከብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው ጃፓን ቶባኮ ነው። ያው በ1904 ለጦርነት ገንዘብ ከተቋቋመው ሞኖፖል የተወለደው፣ የጃፓን መንግሥት ከሲሶ በላይ የያዘው፣ ፕሉምን የሚሸጠው ኩባንያ። ዛሬ የኒያላ ትርፍ በከፊል ወደ ቶኪዮ ይሄዳል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ የመግዣ ዕድሜውን 21 አደረገ፤ ከፓኮው 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ አዘዘ። ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ደግሞ ከንግድ አስወጣ። በአፍሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ የሆነ ሕግ ነው፤ ሊያኮራን ይገባል።

የኔ ሥጋት ይህ ነው። ሱቅ በደረቴ የያዘው ልጅ ዛሬም ሲጋራ በነጠላ ይሸጣል፤ ገዢውን «መታወቂያ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሕጉ ወረቀት ላይ ጠንካራ፣ አስፋልት ላይ ግን ልፍስፍስ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው በሚያምር ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ሲጋራውን መቆጣጠር አልቻላችሁም፤ ጉዳቱ የቀነሰውን ፍቀዱና አጫሾቻችሁ ይዙሩ» ማለቱ አይቀርም። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ የጃፓን የሲጋራ ሽያጭ በእርግጥም በፍጥነት ወርዷል። ግን ያን ቀን ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ፦ የሚዞረው አጫሹ ብቻ ነው? ወይስ አጭሶ የማያውቀው የ17 ዓመት ልጅም አብሮ ይመጣል? ሆንግ ኮንግና ሲንጋፖር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ዕቃው በር ላይ ሳለ ነው። እኛም ገና በር ላይ ነን።

ለወዳጄ መልሼ ደወልኩ። «ሦስት ነገር ያዝ» አልኩት። «አንደኛ፣ የምትነሳበትን ወይም የምትደርስበትን አገር ሕግ ብቻ አትይ፤ ከኤርፖርት ወጥተህ የምታድርበትን ሁሉ ጨምር። ሁለተኛ፣ ዲዩቲ ፍሪ ማለት ቀረጥ የለበትም ማለት እንጂ የትም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ባትሪ ያለው የማጨሻ ዕቃ ከ2015 ጀምሮ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እሳት ስለሚያስነሳ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ሲንጋፖር የምትደርሰው በእጅህ ይዘኸው ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «እና ምን ይዤ ልምጣ?» አለኝ።

«አረንጓዴ ሻይ» አልኩት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጃፓን፣ ገልፍና አውሮፓ ያላችሁ፣ የምታዩትን ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።