ጥቆማው ተዘግቷል

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጅማ ውስጥ፣ ከሰፈሬ ከጊንጆ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ፣ የአንድ የሙያ ማኅበር ቅርንጫፍ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሚጠቀም የለም። ከአስመራጭ ኮሚቴው አባላት አንዱ እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው፦ ጽሕፈትህ ያምራል ተባልኩ። ጠመኔ ሰጥተው ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቆሙኝ።

ሰብሳቢው "እንግዲህ ጥቆማ እንቀበላለን" ከማለታቸው ከፊት ረድፍ አንዱ ብድግ አለና ስም ጠራ። ሌላው "እደግፋለሁ" አለ። ተጠቋሚው እንደ ወጉ "ኧረ እኔ ጊዜ የለኝም፣ ለወጣቶቹ ይሁን" ብሎ ትንሽ ተግደረደረ፤ ተጨበጨበለት፤ ዝም አለ። ሁለተኛው እንዲሁ፣ ሦስተኛው እንዲሁ፣ እስከ ሰባተኛው። ሰባት ቦታ፣ ሰባት ስም! ኋላ እንደሰማሁት ስሞቹ በዋዜማው ቡና ቤት ተጽፈው ያደሩ ናቸው። ጠቋሚውና ደጋፊው ሳይቀሩ ተራቸውን ያውቁ ነበር።

ይኼኔ ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። የጠራችው የሥራ ባልደረባዋን ስም ነው፤ ዝብርቅርቁ የወጣውን የመዋጮ መዝገብ ማታ ማታ እየቆየች ያስተካከለችውን ሴት። ሁለት ሰዎች "እንደግፋለን" አሉ። እኔም የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጀመርኩ።

"ጥቆማው ተዘግቷል" አሉ ሰብሳቢው።

"ጋሼ፣ ገና አሁን እኮ ነው የጠሩት..."

"ተዘግቷል አልኩህ፣ ልጄ።"

ፊደሏን በእጄ ጠረግኳት። ምርጫው በሙሉ ድምፅ አለቀ፤ ለስላሳና ኬክ ቀረበ።

ከዚያ ወዲህ ምርጫ ሲባል ድምፅ ቆጠራው ብዙም አይመስጠኝም። እጩው ከየት መጣ? ማን ጠቆመው? እላለሁ። ነገሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። እኛ ጅማዎች ሄርማታ ገበያ ሥር ስላደግን "ነጋድራስ" የሚለው ማዕረግ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው፤ ጥንት ከሲራራው ጋር የሚጓዝ፣ ኬላ ላይ ስለ ነጋዴው የሚከራከር አለቃ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን ነጋድራስነት ከቤተ መንግሥት የሚሰጥ ሹመት ሆኖ አረፈው፤ ሥራውም ቀረጥ መሰብሰብና ከተማ ማስተዳደር። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስማ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። ስሙ የነጋዴዎች ራስ እንደሆነ ቀረ፤ ራሱ ግን ፊቱን ወደ ላይ አዞረ።

ደርግ ደግሞ ጥበቡን አሻሻለው። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ስንመርጥ በእርግጥ ከአንድ በላይ እጩ ቀርቦልን ነበር። እጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን ኢሠፓ፣ ሕዝባዊ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ካርዱ በእኛ እጅ፣ ዝርዝሩ በእነሱ እጅ።

ወደ ሙያ ማኅበራት ስንመጣ ከመምህራን ማኅበር የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ ያለው አላውቅም። በ1941 ዓ.ም. ተመሠረተ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪውን በመቃወም አባላቱ ሥራ ሲያቆሙ የንጉሡ መንግሥት ተናጋ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለውን ማኅበር ማን ይምራው የሚለው የማንም ሰው ጥያቄ መሆኑ አይቀርም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በአንድ ስም ሁለት አመራር፣ ሁለት ማኅተም። በአንደኛው ወገን የተመረጡት ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ተገደሉ። ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ ተንከባልሎ ሰኔ 2000 ዓ.ም. ሰበር ሰሚ ችሎት ስሙንም ንብረቱንም ለሌላኛው ወገን አጸና። ጅማ ያሉ መምህራን ወዳጆቼ በዚያ ሁሉ ዘመን መዋጮው ከደመወዛቸው ላይ ይቆረጥ ነበር። ለየትኛው ማኅበር እንደሚቆረጥ ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

እኔ ጠመኔ በያዝኩበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባም ተመሳሳይ ድራማ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፍትሕ ሚኒስቴር የኢትዮጵያ ነጻ ፕሬስ ጋዜጠኞች ማኅበርን ሥራ አስፈጻሚ አገደ፤ ምክንያቱ የኦዲት ሪፖርት አላቀረባችሁም የሚል ነበር። ጥር ላይ ሚኒስቴሩ ራሱ ስብሰባ ጠርቶ አዲስ አመራር አስመረጠ። ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ግን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። እነሱ ቢያንስ ፍርድ ቤት ሄዱ። እኛ ኬካችንን በልተን ተበተንን!

ሕጉስ ምን ይላል? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ እስከ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድረስ የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጥቆማው በማን በር ይግባ የሚለው ግን በአብዛኛው ለመተዳደሪያ ደንቡ የተተወ ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡን ደግሞ ከጸሐፊው በቀር ማን ያነበዋል? አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆችን በአንድ ማኅበር ሥር ሲያሰባስብ ነገሩ ከበደ። አባልነቱ ግዴታ ነውና፣ በእጩ አቀራረቡ የተከፋ ጠበቃ "በቃኝ" ብሎ መውጣት አይችልም።

አስጠቋሚ ኮሚቴ በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በየዋህነት "ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ይጠቁም" ብንል ድምፁ የጎላ ያሸንፋል፤ ይኼንንም አይቻለሁ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንቱን የሚያጨው በኮሚቴ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ተፎካካሪ አይኖርም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም ደግሞ ቦርዱ እጩ ያቀርባል፤ ቅር ያለው አባል ግን ፊርማ አሰባስቦ የራሱን እጩ ማስገባት ይችላል። ለእኔ ልዩነቱ እዚህች የጎን በር ላይ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚፈለገው ፊርማ ይታወቃል፤ ሰብሳቢው ስላልወደደው የሚዘጋ በር አይደለም።

አንድ ጊዜ አጋሮ አካባቢ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራቸውን ኮሚቴ ሲመርጡ ተቀምጬ አይቻለሁ። የተጠቆመ ሰው ውጭ ይውጣ ተባለ። እሱ ዛፍ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ ውስጥ ያሉት ስለ እሱ ተነጋገሩ፤ ሚዛን ላይ እጁ እንዴት ነው? ከነጋዴ ጋር ይሞዳሞዳል ወይ? አንድ ሽማግሌ የወንድማቸውን ልጅ "ጎበዝ ነው፣ ግን ብድር አይመልስም" ብለው ጣሉት። ልጁ ተመልሶ ሲገባ ማንም ምንም አላለውም፤ እሱም ሳይጠይቅ ገብቶ ተቀመጠ። እኛ የተማርነው ሰዎች እጩውን ፊት ለፊት አስቀምጠን ነበር ያጨበጨብነው።

ያቺን ሴት ከዓመታት በኋላ ሄርማታ፣ በገበያ ቀን፣ ዘንቢል ይዛ አገኘኋት። ማኅበሩን ከተወች ቆይታለች። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ቡና ዋጋ አወራን። ልንለያይ ስንል ሣቅ አለችና "ያን ቀን ፊደሏን ጀምረህ ነበር እኮ" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "ከኋላ ሆኜ ሳይ ሰብሳቢው የሚያጠፉት መስሎኝ ነበር" አለች።