ከጢያ ትክል ድንጋይ እስከ ማተሚያ ቅርጽ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ወረዳ የሚገኘው የጢያ መካነ ቅርስ የቅርጽ ጥበብን ታሪክ ለማስተማር የቅርብ መነሻ ነው። በሥፍራው ከተመዘገቡት 36 ሐውልቶች መካከል 32ቱ ቅርጽ ያላቸው ትክል ድንጋዮች ናቸው። ከቅርጾቹ ጎልተው የሚታዩት ሰይፎች ሲሆኑ፣ ክብና ቅርንጫፍ መሰል ምልክቶችም አብረዋቸው ይገኛሉ። የብዙዎቹ ምልክቶች ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም። መካነ ቅርሱ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የጢያ ቅርጽ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሊያየው የሚሻ ሁሉ ወደ ድንጋዩ መሄድ ግድ ይለዋል። ሥዕል በአንጻሩ ወደ ተመልካቹ መሄድ የጀመረው፣ አንዱ ቅርጽ በሌላ ነገር ላይ ደጋግሞ እንዲያርፍ በተደረገ ጊዜ ነው። የዚህ አሠራር ጥንታዊ ምሳሌ ማኅተም ሲሆን፣ «ማተም» እና «ማተሚያ ቤት» የሚሉት ቃላትም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት በእንጨትና በመዳብ ላይ የተቀረጸን ሥዕል በወረቀት ማተም ተስፋፋ።

በኢትዮጵያ ገበያዎች ለረጅም ዘመን የተዘዋወረው የማሪያ ቴሬዛ ብርም የቅርጽ ውጤት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ብሩ ያንኑ መልክና ዓመት ይዞ ይመታ ነበር። ተቀባዩም በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ፈርጦች አጥርቶ ካላየ ብሩን አያምነውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች ደግሞ የፈረንሳዊው ቀራጭ የኤዤን ሙሾን ሥራ ናቸው። በአራቱ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ ይታያል። በዚህም የንጉሡ መልክ ቤተ መንግሥት ረግጦ ለማያውቅ ሰው ሁሉ ሊደርስ ቻለ።

ይህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት አንድ ተግባር ያመለክታል። የቡታጅራ ተማሪ በዚያው መንገድ ተጉዞ ጢያን ሊጎበኝ ይችላል፤ ወልቂጤ ግን በጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ጉዞው ለትምህርት ቤቶቿ ይከብዳል። ስለዚህ ድንጋዩ ሳይነካና ቀለም ወይም ከሰል ሳይቀባ ቅርጹ በዓይን ታይቶ በወረቀት ይነሣ፤ ከዚያም በለስላሳ እንጨት ላይ ተቀርጾ ይታተም። ኅትመት ግራውን ቀኝ ስለሚያደርግ፣ ሰይፉ በእንጨቱ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ተማሪው ይህን በእጁ ሲሠራ የኅትመትን ምሥጢር ይረዳል። ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቁበት ድንጋይም በየትምህርት ቤቱ የሚቀመጥ መዝገብ ይተርፋል።