ትኬቱን ማን ቆረጠው? የመርከብ ሽርሽርና የጋዜጠኛ ብዕር

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የሽርሽር መርከቦችን እየተከተሉ የሚጽፉ ጋዜጠኞች ታሪክ ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ብዕር የያዘን ሁሉ ይመለከታል። ለመሆኑ አንድ ጸሐፊ ከጋባዡ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ስለ ጋባዡ እውነቱን መጻፍ ይችላልን? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1844 ነው። ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ በመንግሥት ውል ፖስታ እያመላለሰ ይኖር ነበር። ፖስታው በሚሄድበት መንገድ ለሽርሽር የሚወጣ ተሳፋሪም ቢገኝ ትርፉ ድርብ እንደሚሆን ገባው። ስለዚህ ያኔ «ፓንች» በተባለው የቀልድ መጽሔት ላይ ይጽፍ ለነበረው ለዊልያም ታከሪ ነፃ ጉዞ ሰጠው። ታከሪም ጅብራልታርን፣ አቴናን፣ ቁስጥንጥንያን፣ ኢየሩሳሌምንና ካይሮን አይቶ ተመለሰ፤ በ1846 የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ፤ መጽሐፉንም መታሰቢያነቱን ለኩባንያው ካፒቴን አደረገው። ቶማስ ካርላይል ይህን ሲያይ ታከሪን በስኮትላንድ የማሻገሪያ ጀልባ ላይ ለተሳፋሪው እየተጫወተ ሳንቲም ከሚለቅም ዓይነ ስውር ቫዮሊን መቺ ጋር አመሳሰለው። ታከሪ ቅር ተሰኘ።

ለእኛ ይህ ምሳሌ እንግዳ አይደለም። አዝማሪን እናውቀዋለንና! ሆኖም ካርላይል አዝማሪን ጠንቅቆ አያውቅም። የእኛ አዝማሪ በጌታው አዳራሽ እየበላና እየጠጣ በሰምና ወርቅ ጌታውን ይሸነቁጥ ነበር። አድማጩም አዝማሪው የማን እንጀራ እንደሚበላ ስለሚያውቅ ወርቁን ይፈልጋል። ታከሪም ቢሆን መኝታው ከኩባንያው የተሰጠው ስጦታ መሆኑን በመቅድሙ ላይ ሳይደብቅ ጽፏል። አንባቢው ሚዛኑን በእጁ ይዞ ነው ያነበበው።

ከ23 ዓመት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በሰኔ 1867 «ኩዌከር ሲቲ» የተባለች፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ያገለገለች መርከብ ሽርሽረኞችን ይዛ ከኒውዮርክ ወደ አውሮፓና ወደ ቅድስት አገር ተነሣች። የአንድ ሰው ዋጋ 1,250 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ወጣቱ ማርክ ትዌይን ተሳፈረ፤ ትኬቱን የቆረጠለት ግን የመርከቡ ባለቤት ሳይሆን «አልታ ካሊፎርኒያ» የተባለው የሳንፍራንሲስኮ ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣው ለእያንዳንዱ ደብዳቤም 20 ዶላር ይከፍለው ነበር። ትዌይን በኅዳር ወር ሲመለስ ስለዚያ ሃይማኖተኛ ነኝ ባይ የሽርሽር ማኅበር ያለ ርኅራኄ ጻፈ፤ ጉዞውን ሬሳ ከሌለው ቀብር ጋር አመሳሰለው። በ1869 የታተመው መጽሐፉም ዝናውን አጸናለት።

ታዲያ ትዌይን ሙሉ ነፃ ነበር ማለት ነው? አይደለም። ትኬቱን የከፈለው ጋዜጣ ደብዳቤዎቹ የእኔ ናቸው ብሎ ስለነበር ለመጽሐፉ ፈቃድ ለማግኘት እስከ ሳንፍራንሲስኮ ድረስ ተጉዞ መደራደር ነበረበት። ከጋባዥ ነፃ መሆን ከጭፍን ጥላቻም አላዳነውም። አብረውት የተሳፈሩትን እንደቀለደባቸው ሁሉ፣ ምንም ያላደረጉትን የምሥራቅ ሕዝቦች በንቀት ጽፎባቸዋል።

የእኛም ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። «ኩዌከር ሲቲ» እስክንድርያን ለቅቃ ወደ አገሯ በተመለሰችበት በዚያው በጥቅምት 1867 የእንግሊዝ ጦር መርከቦች ዙላ ላይ መልሕቅ እየጣሉ ነበር። ሽርሽረኛውንም ወታደሩንም ያመጣው ያው የእንፋሎት ዘመን ነው። ከጦሩ ጋር የ«ኒውዮርክ ሄራልድ» ዘጋቢ ሄንሪ ስታንሊ መጣ፤ ወጪውን ራሱ ሊችል ተስማምቶ፣ በላከው ደብዳቤ ልክ እየተከፈለው። የመቅደላን መዘረፍና የዝርፊያውን ጨረታ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል፤ ምስክርነቱ ዛሬም ይጠቅመናል። ያው ስታንሊ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ ቅጥረኛ ሆኖ ኮንጎን አስረከበ። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው ከፋዩ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1996 ዴቪድ ፎስተር ዋላስ ለ«ሃርፐርስ» መጽሔት ስለ አንድ ሳምንት የካሪቢያን ሽርሽር ረጅም ጽሑፍ አቀረበ። ትኬቱን የከፈለው መጽሔቱ ነበር። ዋላስ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር አጋለጠ። ፍራንክ ኮንሮይ የተባለው የተከበረ ደራሲና የአዮዋ ደራስያን ማሠልጠኛ ኃላፊ ስለዚያው ኩባንያ የጻፈው ውዳሴ፣ የተከፈለበት መሆኑ ሳይነገር፣ እንደ ተራ ድርሰት በኩባንያው ብሮሹር ውስጥ ታትሞ ነበር። ኮንሮይም ሲጠየቅ መጸጸቱን አልደበቀም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ታከሪ ተጋበዘ፣ ተናገረም፤ እዚህ ግን ግብዣው ተሰውሮ አንባቢ ተታለለ።

ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? በ1999 ሮያል ካሪቢያን ዘይት የተቀላቀለበት ቆሻሻ ውሃ ወደ ባሕር በመድፋት ጥፋቱን አምኖ 18 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በ2016 ደግሞ ፕሪንሰስ በተመሳሳይ ወንጀል 40 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ይህን ሁለተኛውን ጉድ ያወጣው ግን የጉዞ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየ አንድ የመርከቡ መሐንዲስ ነው። በጥር 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ለትርዒት ብላ ወደ ጂሊዮ ደሴት ተጠግታ ከቋጥኝ ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። ለሰላምታ ወደ ደሴቶች መጠጋት ግን በዚያን ቀን የተጀመረ ልማድ አልነበረም። የተጋበዘ ብዕር እራቱንና የፀሐይ መጥለቂያውን ያያል፤ የሞተሩን ክፍልና ከታች የሚተኛውን ሠራተኛ ግን አያሳዩትም፤ እርሱም አይጠይቅም። ጉርሻ የሞላው አፍ እንዴት ይናገራል?

እንግዲህ በስደት ያለን ምሁራን ይህን እንደ ሰው አገር ወሬ አንየው። እኛም በስብሰባ እንጋበዛለን፤ የአውሮፕላን ትኬት ይላክልናል፤ ሆቴል ይያዝልናል፤ አዲስ የተሠራ ፋብሪካና መንገድ በአውቶቡስ ተጭነን እንድንጎበኝ ይደረጋል። የሚጋብዘው አንድ ጊዜ መንግሥት፣ ሌላ ጊዜ ተቃዋሚ፣ ሌላ ጊዜ የባዕድ ድርጅት ነው። መጋበዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ ለባዶ ኪስ ጸሐፊ አንዳንዴ ብቸኛው መንገድ ነው። ነውሩ አንባቢን ትኬቱን ማን እንደቆረጠ አለመንገር ነው፤ ያልታየውንም እንደታየ አድርጎ መጻፍ ነው። ታከሪ ከ180 ዓመት በፊት በመቅድሙ ላይ የጻፋትን አንዲት አረፍተ ነገር መጻፍ ለእኛ ለምን ይከብደናል?