150 ማይል የማን ነበር?

ልጆች ሳለን ሰፈራችን አዲስ መኪና ቆሞ ካየን የምናደርገው አንድ ነገር ነበር። ግንባራችንን መስታወቱ ላይ ለጥፈን፣ ብርሃኑን በእጃችን ከልለን፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ጫፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንፈልጋለን። 180 ካለ ተራ መኪና ነው። 220 ካለ ወሬው እስከ ማታ አያልቅም። መኪናዋ ያንን ቁጥር ነክታው ታውቅ እንደሆነ የጠየቀ ልጅ ግን አላስታውስም። እኔም ብሆን ጥያቄው የመጣብኝ አድጌ፣ የጃጓር ኢ-ታይፕን ታሪክ ሳነብ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ጄኔቫ ላይ፣ በማርች 1961 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ልቁጠርላችሁ)። የእንግሊዙ ጃጓር አዲሷን የስፖርት መኪና ለጋዜጠኞች ለማሳየት ባለ ጣሪያዋን ኩፔ ይዞ ሄደ። «እስቲ ልሞክራት» የሚለው ሰው ሲበዛ የኩባንያው መሪ ሰር ዊሊያም ላየንስ ሁለተኛ መኪና እንድትመጣ አዘዙ። ዋናው ሞካሪ ሾፌር ኖርማን ዴዊስ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን ይዞ ከኮቨንትሪ ተነሣ፤ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ጄኔቫ ገባ።

ሰዉ ያበደው በሦስት ነገር ነው። አንዱ መልኳ ነው፤ ቅርጿን ያወጣው ማልኮም ሴየር ቀደም ሲል አውሮፕላን ፋብሪካ የሠራ ሰው ነበር፣ መስመሮቿንም የሚያወጣቸው በሒሳብ እያሰላ ነው። ሁለተኛው ዋጋዋ፦ ከነቀረጡ 2,100 ፓውንድ ገደማ። በዚያው ዘመን አስተን ማርቲን ዲቢ4 የፈለገ ሰው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይከፍል ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ያ ቁጥር ነው፦ በሰዓት 150 ማይል፣ በእኛ አቆጣጠር 241 ኪሎ ሜትር።

ቁጥሩን ያረጋገጡት ሁለት የእንግሊዝ መጽሔቶች ናቸው። ዘ አውቶካር ኩፔዋን ፈትኖ 150.4 ማይል አገኘ። ዘ ሞተር ደግሞ ክፍቷን ፈትኖ 149.1 አለ። ችግሩ የተፈተኑት መኪኖች ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዟቸው ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ጄኔቫ የሄዱት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ ኩባንያው ራሱ በልዩ ጥንቃቄ ያዘጋጃቸው፣ ለከፍተኛው ፍጥነት ሲባልም የውድድር ጎማ የተጫማላቸው። እስከ 1974 ከ70,000 በላይ ኢ-ታይፖች ተሠርተዋል። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ተራዋን የገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ 150ን ሳያያት ነው የሚቀረው።

መጽሔቶቹ ዋሽተዋል ልል አልችልም። ሰዓታቸው ትክክል ነበር፣ መኪናዋም በእርግጥ ሄዳዋለች። ብቻ የለኩት ገዢው የማያገኘውን መኪና ነው። እውነት ሆኖም ሊያታልል የሚችል ነገር አለ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደግሞስ ቁጥሩ ልክ ቢሆን የት ይነዳል? በ1961 የእንግሊዝ ሞተርዌይ የፍጥነት ገደብ አልነበረውም። በዲሴምበር 1965 ግን የ70 ማይል ገደብ ወጣ፤ መጀመሪያ ለጊዜው፣ ኋላ ለዘለቄታው። ከዚያ ወዲያ ለ150 የከፈለ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አገሩ መንገድ ላይ ሕግ ሳይጥስ ሊነካው አይችልም።

ገዢው በየቀኑ አብሮት የሚውለው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢ-ታይፖች ወለላቸው ጠፍጣፋ ስለነበር ረጅም ሰው እግሩን የሚያደርግበት ይቸግረው ነበር። ወንበሩ ያደክማል። አንደኛ ማርሽ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ካልቆመች እየጮኸ ነው የሚገባው። ፍሬኑም እንዲህ ላለ ፍጥነት የሚያስተማምን አልነበረም። የዘመኑ ሞካሪዎች እነዚህን ሳይጠቅሱ አላለፉም፤ ግን መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚነበብ ነገር አይደለም።

በ1964 ባለ 4.2 ሊትሯ መጣች። የታወጀው ኃይሏ ያው እንደ በፊቱ 265 የፈረስ ጉልበት ነው። ከፍተኛ ፍጥነቷም ያን ያህል አልተለወጠም። ማርሹ ግን አዲስ ሆነ፣ አንደኛውም ሳይጮኽ መግባት ጀመረ፤ ወንበሩና ፍሬኑም ተሻሻሉ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ምንም አልተሠራም። ለሚነዳት ሰው ግን ሌላ መኪና ነች። ያኔ ገዢ ብሆን እኔ የምጠብቀው ይቺን ነበር።

ኩፔ ወይስ ክፍት? ኩፔዋ ከኋላ ወደ ጎን የሚከፈት በር አላት፤ ሻንጣ እንደ ልብ ይገባል፣ ነፋሱንም በተሻለ ትሰነጥቀዋለች። ለዓይን ከሆነ ክፍቷ ሳትበልጥ አትቀርም፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1996 ስብስቡ ውስጥ ያስገባው እሷን ነው። ሙዚየሙ ግን በዝናብ ሸራዋን ዘርግቶ ሥራ አይሄድባትም። እኔ ኩፔዋን እወስዳለሁ።

ዛሬም ማታ ማታ ስልኬ ላይ የመኪና ግምገማ ሳይ፣ ሰውየው «ከዜሮ እስከ መቶ በአራት ሰከንድ» ሲል፣ እነዚያ ሁለት መኪኖች ትዝ ይሉኛል። መኪናዋን ያዋሰው ማነው? የተገጠመላት ጎማ አብሯት የሚሸጠው ነው ወይ? አሁን የተነገረው ዋጋ ያቺን ወንበር ይጨምራል? ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉባት፣ በትራፊክ መጨናነቅም ውስጥ ንዷት።

ግንባሬን መስታወት ላይ መለጠፉን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን አልተውኩም።