ከቦሌ እስከ የካ፤ ስለ አገር ጎብኚ አቀባበል

አገር ጎብኚ ገቢ ያስገኛል የሚለው ቃል ከተነገረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የፈለግነው ግን ገቢውን ሳይሆን መንገዱን ነው፤ ይኸውም ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው እንግዳ በየት ገብቶ ወዴት እንደ ተመራ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ በኩል ሲያልፍስ ለምን እንዳልቆመ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር፣ የዋና ከተማው አይሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ጄት አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ግን የልደታ ሜዳ ስላልበቃ በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች አገልግሎት ተጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት የመጡት መሪዎች አዲስ አበባ ገቡ። ቦሌ የአገሪቱ ዋና በር የሆነው እንዲህ ባለ ዘመን ነው።

በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመውን የቱሪስት ድርጅት የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መጠሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። ጎብኚውም በአይሮፕላን ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም የሚዞርበት የታሪክ ጉዞ ተዘረጋ። የመኪና መንገድ አድካሚ በነበረበት ዘመን ይህ ብልህ አሳብ ነበር። ነገር ግን ዋና ከተማውን ማደሪያ ብቻ አደረገው፤ ሀብቱም ሁሉ በአንድ መሥመር ላይ ተንጠለጠለ። በደርግ ዘመን የውጭ አገር ሰው በአገር ውስጥ ለመዘዋወር ፈቃድ በሚጠየቅበት ጊዜ፣ ኋላም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተካሄደበት ጊዜ፣ መሥመሩ ሲታወክ አስጎብኚውም፣ የሆቴል ሠራተኛውም፣ የእጅ ጥበብ ሻጩም አብረው ተጎዱ።

እንግዲህ በሩ ራሱ ምን አለው? ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው መገናኛ ይደርሳል። ስሙ እንደሚያስረዳው ከየአቅጣጫው የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር ያልፍበታል። ከመገናኛ በላይ ባለው በየካ ተራራ ላይ ደግሞ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። አፈ ታሪክ ሥራውን ለአብርሃና አጽብሓ ይሰጣል፤ ተመራማሪዎች ግን የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። የትኛውም ይሁን፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆርዋ አስቀድሞ በዚህ ተራራ እጀ ብልህ ሠራተኛና ጸሎተኛ ሕዝብ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

በቦሌ አይሮፕላን ለውጠው ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ መንገደኞች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንድ ቀን ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ላሊበላ ደርሶ ሊመለስ አይችልም፤ የካ ግን በእጁ ነው። ይህን እያወቅን ሳናሳየው ብንሸኘው፣ እንግዳን ደጅ አቁሞ እንደ መመለስ ይቈጠራል።

እርግጥ ጎብኚ መጥራት ብቻውን መልካም አይደለም። ዋሻ ሚካኤል ጣሪያው የፈረሰ፣ የክረምት ውሃ የሚገባበት ቅርስ ነው፤ ቤተ እግዚአብሔርም ስለ ሆነ እንደ ገበያ ሊጨናነቅ አይገባም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንወዳለን፦ መጀመሪያ ዐለቱ ይጠበቅ፤ ቀጥሎ የአካባቢው ወጣቶች በታሪኩ ሠልጥነው ይምሩ፤ ከዚያ በኋላ በቦሌ ማስታወቂያው ይሰቀል። ከሚገኘውም ገንዘብ አንዱ ክፍል ለቅርሱ ጥገና፣ አንዱ ክፍል ለሰፈሩ ሕዝብ ይዋል።

ያለፈው ታሪክ የሚያስተምረን መጠሪያ እንግዳን እንደሚጠራ ነው። እንዲቆይና እንዲመለስ የሚያደርገው ግን የሚያየው ነገርና የሚቀበለው ሰው ነው። የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ የሩቁን ስናጠና የቅርቡንም መዝግበን ለማቆየት እንድንተጋ አደራ እንላለን።