የብርቱካን ልጣጭ ካንሰርን ያድናልን?

በጅማ ከተማ ከአወቱ መንደራ ጓሮዎች አንስቶ በጎማና በማና ወረዳዎች ቡና መካከል ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ የተለመዱ ዛፎች ናቸው። ፍሬው ይበላል፤ ልጣጩ ይጣላል። የካንሰር ተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ግን በአብዛኛው ይኸው የሚጣለው ክፍል ነው።

በልጣጩ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውሕዶች በብዛት ይገኛሉ። ዕፅዋት ራሳቸውን ከተባይ፣ ከበሽታና ከብርቱ ፀሐይ ለመከላከል ያመርቷቸዋል። ሄስፐሪዲን ከብርቱካን ልጣጭ ሥር ባለው ነጭ ሽፋን ይበዛል፤ በ1828 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ነው። የግሬፕፍሩት ምሬት የሚመጣው ከናሪንጂን ሲሆን፣ ኖቢሌቲንና ታንጀሬቲን ደግሞ በመንደሪን ልጣጭ ይገኛሉ።

እነዚህ ውሕዶች በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳት እንዳይራቡ ሲገቱ፣ አንዳንዴም ሲገድሏቸው ታይቷል። በአይጦች ላይም ተስፋ ሰጪ ውጤቶች ተመዝግበዋል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ሕዋሳቱ የሚነከሩበት መጠን ፍሬውን በመብላት ወደ ደም ከሚገባው እጅግ ይበልጣል። ሄስፐሪዲን በትንሹ አንጀት ብዙም አይመጠጥም፤ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፣ ከዚያ የተመጠጠውንም ሰውነት ወዲያው ይለውጠዋል። በመሆኑም ከእነዚህ ውሕዶች አንዱም እስካሁን ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት አልሆነም።

ከተክል የካንሰር መድኃኒት አይገኝም ማለት ግን አይደለም። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታወቀው ቪንክሪስቲን የተገኘው በየግቢው ለጌጥ ከሚተከለው የማዳጋስካር አበባ ነው። አበባው ራሱ ቢበላ መርዛማ ነው፤ መድኃኒቱ ተጣርቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ፣ በሚሊግራም ተለክቶ በደም ሥር ይሰጣል። የብርቱካን ፍላቮኖይዶች ይህን መንገድ ገና አልጨረሱም።

ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ዕጢ ያለባቸው አይጦች ታሞክሲፌን ከተባለው መድኃኒት ጋር ታንጀሬቲን በመጠጥ ውኃቸው ሲሰጣቸው መድኃኒቱ ዕጢውን የመግታት ኃይሉን አጥቷል። ታሞክሲፌን ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት ለሚታየው የጡት ካንሰር የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የአይጥ ውጤት ለሰው በቀጥታ ባይሠራም ልጣጭ ቀቅሎ ወይም በፋብሪካ የተዘጋጀ እንክብል ገዝቶ ከመድኃኒት ጋር መደረብን አያበረታታም። ግሬፕፍሩት በተለይ በአንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብር ኤንዛይምን ስለሚያግድ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል።

ጤነኛ ሰው ብርቱካንን እንደ ምግብ ቢበላ መልካም ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ በሌላ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የጀመረ ሕሙም ግን የሚጠጣውን የልጣጭ ሻይ ሳይደብቅ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሻዩን ተማምኖ ቀጠሮ መዝለል ዕጢው እንዲስፋፋ ጊዜ መስጠት ነው። አርሶ አደሩም ፀረ ተባይ የረጨበትን ፍሬ ልጣጭ ለሻይ ብሎ ባይሸጥ ይመረጣል፤ ርጭቱ በቀዳሚነት የሚያርፈው በልጣጩ ላይ ነውና።