ኤሌክትሪክ ነው ወይስ መግነጢስ? ስለ ጋማ ጨረር ፖላራይዜሽን አለካክ ታሪክ

የአቶምን አስኳል በዓይኑ ያየ የለም። ሊቃውንት ስለ እርሱ የሚያውቁትን ያወቁት ከውስጡ የሚወጣውን ጨረር ተቀብለው በመመርመር ነው። አስኳሉ ከፍ ካለ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ትርፉን ኃይል ጋማ ጨረር አድርጎ ይለቀዋል። የጨረሩ ኃይል ሲለካ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል፤ ጨረሩ ወደ የትኛው ወገን በብዛት እንደሚሄድ ሲቈጠር ደግሞ የአስኳሉ ሽክርክሪት ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይገመታል። እነዚህ ሁለቱ ልኮች ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ይቀራሉ። ጨረሩን ያወጣው ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ነው ወይስ መግነጢሳዊ? በአስኳሎች ሠንጠረዥ ላይ ከየደረጃው አጠገብ የሚጻፈው የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት፥ ሊቃውንት ፓሪቲ የሚሉት፥ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው። ምልክቱ ከተሳሳተ ስለዚያ አስኳል አሠራር የሚነገረው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። ጥያቄውን የሚፈታው የጨረሩ ፖላራይዜሽን ነው፤ ይኸውም የሞገዱ ኤሌክትሪካዊ መስክ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ነው። ይህ አቅጣጫ እንዴት ሊለካ እንደ ተቻለ ለአንባቢዎቻችን ለማውሳት አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዓይን ለሚታየው ብርሃን ነገሩ ቀላል ነው፤ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን አሳልፎ ሌላውን የሚከለክል ማጣሪያ ይገኝለታል። ለጋማ ጨረር ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለም። መንገዱን ያሳየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባርክላ ነው። እርሱ ኤክስ ጨረርን በካርቦን ላይ ሁለት ጊዜ እያነጠረ፥ ሁለተኛው ንጥረት በአንዱ ወገን በዝቶ በሌላው እንደሚያንስ በ1906 አስታወቀ። ጨረሩ አቅጣጫውን የሚናገረው ሲነጥር ነው ማለት ነው። በ1923 አሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን ጨረር ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ ከኃይሉ ከፍሎ እንደሚሄድ ገለጠ። ከዚያም በኮፐንሃገን አብረው ይሠሩ የነበሩት ስዊድናዊው ኦስካር ክላይንና ጃፓናዊው ዮሺዮ ኒሺና የዚህን ግጭት ሒሳብ አወጡ፤ ሥራቸውም በ1929 ታተመ። ከሒሳቡ እንደምንረዳው፥ የነጠረው ጨረር ከኤሌክትሪካዊ መስኩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ወዳለው ወገን መሄድን ያዘወትራል። የሚያሳዝነው ነገር፥ የጨረሩ ኃይል በጨመረ መጠን ይህ አድልዎ እየደከመ መሄዱ ነው፤ ከአስኳል የሚወጣው ጨረር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብርቱ ነው።

በ1950 ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ታተሙ። የመጀመሪያው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቻይና ተወላጅ ወይዘሮ ዉ ቺየን ሺዩንግና ባልደረባቸው ሻክኖቭ የሠሩት ነው። ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ሲጠፋ ሁለት ጨረሮች ወደ ተቃራኒ ወገን ይሄዳሉ፤ የሁለቱም መስክ እርስ በርሱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል የሚል ትምህርት ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከመዳብ 64 የሚወጣውን ፖዚትሮን ይዘው፥ ጨረሮቹን በአሉሚኒየም አንጥረው፥ በአንትራሲን ክሪስታል ቈጠሩ። ሒሳቡ 2.00 የሚል ነበር፤ ቈጠራቸው 2.04 ሆነ፤ ስሕተቱም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከ0.08 አያልፍም። ሁለተኛው የሜትዝገርና የዶይች ሥራ ነው። እነርሱ አስኳሉ ተከታትሎ የሚያወጣቸውን ጨረሮች፥ በተለይም የኮባልት 60ን፥ በዚሁ በማንጠር ዘዴ መረመሩ። ከዚያ ወዲህ ለፓሪቲው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ተገኘ።

መሣሪያው ግን ዓይኑ ደካማ ነበር። በዚያ ዘመን የተለመደው የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ብዙ ጨረር ይይዛል፤ ዳሩ ግን ኃይላቸው የተቀራረበውን ጨረሮች መለየት አይችልም። የኮባልት 60 ሁለተኛ ጨረር 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በሶዲየም አዮዳይድ ሲለካ የመስመሩ ስፋት ከ50 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይበልጣል፤ በደኅና ጀርማኒየም ግን 2 ያህል ብቻ ነው። በዐሥር የሚቈጠሩ ጨረሮችን ለሚያወጣ አስኳል ይህ ልዩነት በጭጋግና በጠራ ሰማይ መካከል እንዳለው ነው።

ጀርማኒየም ራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው። ሜንዴሌዬቭ በ1871 ሳይታይ መኖሩን ተናገረለት፤ ቪንክለር በ1886 በጀርመን አገር አገኘው፤ በ1947 የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከእርሱ ተሠራ። ለጨረር መመርመሪያነት የበቃው ሊቲየም በውስጡ እንዲሰርጽ ማድረግ ከተቻለ በኋላ ነው፤ ይህም በ1962 በእንግሊዝ አገር፥ በ1963 በካናዳ በቾክ ሪቨር ተሠራ። ይሁን እንጂ ክሪስታሉ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ ነበረበት። ናይትሮጅኑ አልቆ ክሪስታሉ ከሞቀ ሊቲየሙ ከቦታው ይሸሻል፤ ያ ሁሉ ድካምም ከንቱ ይሆናል። በበዓል ቀን ጭምር ናይትሮጅን ሲሞሉ ስለ ኖሩት ሠራተኞች የጻፈ አለመብዛቱ ይገርመናል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ የጠራ ጀርማኒየም ስለ ተገኘ፥ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ቢሞቅም የማይበላሽ ሆነ።

የቀረው ችግር ክሪስታሎቹ ትንንሾች መሆናቸው ነበር፤ የነጠረው ጨረር ሾልኮ ይሄዳል። በ1970 በካናዳ ሊተርላንድ፥ ኢዋንና ላም ችግሩን ራሱን መሣሪያ አደረጉት። አንዲት ጠፍጣፋ የጀርማኒየም ሰሌዳ በጠርዟ በኩል ወደ ጨረሩ ብትዞር፥ በሰሌዳዋ ርዝመት የሚነጥረው ጨረር በውስጧ ይቀራል፤ በስስ ወገኗ የሚነጥረው ያመልጣል። ስለዚህ ሰሌዳዋ በተዞረች ቍጥር የሙሉው ኃይል ቈጠራ ከፍና ዝቅ ይላል።

ከሁሉ የተዋጣው ግን በ1990ዎቹ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ዩሮጋም ለተባለው ታላቅ መሣሪያ ያሠሩት ክሎቨር ነው። ክሎቨር እኛ ማገጥ የምንለው ተክል ነው፤ ይህኛው ግን አራት ቅጠል አለው። እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ክሪስታሎች በአንድ ቤት ውስጥ ተቀራርበው ይቀመጣሉ። ጨረሩ በአንዱ ነጥሮ በጎረቤቱ ሲያዝ የሁለቱ ኃይል ይደመርና የቀድሞው ሙሉ ኃይል ይገኛል። በስትራስቡርግ የቆመው ሁለተኛው ዩሮጋም እንዲህ ያሉ 24 ክሎቨሮች ነበሩት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ክሎቨሩ አስኳሎቹን ከሚያነሣሣው የቅንጣቶች ፍሰት በ90 ዲግሪ ይቆማል። ፍሰቱና ጨረሩ በሚሠሩት ጠለል ላይ የነጠረው ለብቻ፥ ከጠለሉ ቀጥ ብሎ የነጠረው ለብቻ ይቈጠራል። የሽክርክሪቱ ለውጥ አስቀድሞ ከታወቀ፥ ቀጥ ብሎ የነጠረው ሲበዛ ጨረሩ ኤሌክትሪካዊ ነው፤ ሲያንስ መግነጢሳዊ ነው። ልዩነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። አራቱ ክሪስታሎች ፍጹም እኩል ስላልሆኑ ይህንኑ የሚያህል ልዩነት ከራሳቸው ሊመጣ ይችላል። ሚዛን ሻጭ እህል ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሚዛን እንደሚያይ፥ ተመራማሪውም ፖላራይዜሽን የሌለውን የዩሮፒየም 152 ጨረር አስቀድሞ ቈጥሮ የመሣሪያውን አድልዎ ያውቃል። ይህን ያቃለለ ሰው የመደመሩን ምልክት የመቀነስ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሌላ ሰውም ስሕተቱን ከወረቀቱ አይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ክሎቨሮች ወደ አህጉራችንም ደርሰዋል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አጠገብ ባለው አይቴምባ ላብስ አፍሮዳይት የተባለ የጀርማኒየም መሣሪያ አለ። ክሎቨሮቹ ከፊሎቹ በ135 ዲግሪ፥ ከፊሎቹ በ90 ዲግሪ ተቀምጠዋል፤ የፖላራይዜሽኑ ቈጠራ የሚወሰደው በ90ው ካሉት ነው።